የመቀስ አራት ቀን

ኮቴን የቀደደው የአውቶቡስ በር ነው። እኔ ልወርድ ስል እሱ ሊዘጋ ፈለገ፤ ሁለታችንም እልኸኞች ሆንን፣ ኮቱ መሀል ገብቶ ተጎዳ። ከኪሱ ጥግ ጀምሮ እስከ ጠርዙ ተተረተረ፣ ገበሩም እንደ ውሻ ምላስ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ዐሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ ነበረኝ። ቀዳዳውን በእጄ ደግፌ፣ ሆዱን የታመመ ሰው መስዬ መንገዱን ግራና ቀኝ ሳማትር፣ ፎቶ ኮፒ በሚያነሳ ሱቅና ቁልፍ በሚቀርጽ ሰው መሀል የተሰነቀረች አንዲት የልብስ ስፌት ቤት አየሁ። በሯን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ክፍሏ ከአውቶቡሱ ብዙም አትሰፋም። ሁለት የስፌት መኪናዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። በመሀላቸው ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ካውያ፣ ጠመኔ፣ ሜትር፣ ግማሹ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሸፈነ ላፕቶፕ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በምስማር የተንጠለጠሉ የወረቀት ቅዶች ነው፤ የኮሌታ፣ የእጅጌ፣ የጀርባ። ከአንደኛው መኪና ኋላ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ተቀምጣለች። ስልኳን በክር ማጠንጠኛ አስደግፋ አቁማዋለች። አንድ ዓይኗ ስፌቱ ላይ፣ አንዱ ስልኩ ላይ ነው።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ኮቱን ያውልቁና ይቀመጡ። ሃያ ሁለት ደቂቃ አለኝ።»

«ሃያ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል?»

«ለኮቱ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሃያ ሁለቱ የራሴ ነው።»

ከወዲያኛው መኪና ሳቅ ተሰማ። የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋ ሌላ ሴት ነበረች፤ በመልክ አንድ ናቸው፣ በዕድሜ ትበልጣለች። «አይስሟት፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ ስልክ እያየች ነው የምትሰፋው። ጠዋት ሱሪ አሳጥሪ ብትባል አንዱን እግር ሁለቴ አሳጠረችው።»

«አንዴ ነው፣ እትዬ!»

«አንዴ በትክክል፣ አንዴ በስህተት። ሲደመር ስንት ነው?»

እኔ ሰው ሲጫወት ካየሁ እግሬ አይነሳም። ኮቴን አውልቄ ሰጠኋትና ወንበር ስቤ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ገበሩን ወደ ውስጥ መለሰችው፣ መርፌዋ ላይ ጥቁር ክር አስገባች። ክሩን በሦስተኛው ሙከራ ነው ያስገባችው፤ ያን የመሰለ እጅ ሁለት ጊዜ መርፌ ሲስት ነገር መኖሩ ገባኝ።

«ምን ሊሆን ነው በሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ?» አልኳት።

«አሁን ሃያ አንድ ሆኗል» አለች ታላቋ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለች ታናሿ፣ «ወይ በር ይዘጋብኛል፣ ወይ አራት ቀን ይጨመርልኛል። በሩን የምዘጋውም እኔ ነኝ።»

ግራ መጋባቴን አይታ ሳቀች። ከዚያ መርፌዋን እየወጋች አስረዳችኝ።

ነገሩ ቅድ የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሰውየውን ልክ ያስገቡበታል፤ እሱ ቅዱን ሥሎ በወረቀት ያወጣልዎታል። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አንጥፎ መቁረጥ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ባለቤት የለውም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው የለም። አገር ለአገር ተበትነው፣ አንዳቸው የሌላውን ፊት አይተው የማያውቁ መቶ ያህል ሰዎች ይሠሩበታል። ከመካከላቸው አምስቱ በር ጠባቂዎች ይባላሉ። እሷ አንዷ ናት፤ የመዝጊያው ቀን በእሷ እጅ ነው።

«መዝጊያ ማለት?»

«በዓመት አንድ ጊዜ አዲሱ እትም ይወጣል። ከመውጣቱ ስድስት ሳምንት በፊት በሩን እንዘጋለን። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አይገባም። የገባውን መፈተሽ፣ ስህተት መልቀም ብቻ ነው።»

«ልብሱ አልቆ ተተኩሶ 'እስቲ አንድ ኪስ ጨምሪበት' የሚል ደንበኛ አለ አይደል?» አለች ታላቋ። «እሱን ከደጃፍ የምትመልሰው እሷ ናት። እዚያ መቀስ ነው የሚሏት። ስሟን የሚያውቅ የለም።»

«ለምን መቀስ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አንድ ቀን ጨምሬ ስለማላውቅ» አለች መቀስ፣ ሳታፍር። «ሙሽራ ቀሚሷን በማግስቱ አትለብስም፣ ጋሼ። ልብስ ሰፊ ቀጠሮ የሚማረው እዚያ ነው። እነሱ ኮምፒውተር የተማሩ ናቸው፤ ቀን ለእነሱ እንደ ላስቲክ ነው። ከእኔ በፊት አንዱ በመጨረሻዋ ሰዓት አዲስ ነገር ከተተ፣ ማንም ሳይፈትሸው ወጣ፣ የቀሚስ ወገብ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ታተመ። ስንት ቤት ስንት ጨርቅ ተቆረጠ! ከዚያ በኋላ ነው 'ይቺ ልብስ ሰፊ ትያዘው' ያሉት።»

ስልኩ ብልጭ አለ። ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ማስታወቂያ ነበር። ሁለቱም ተነፈሱ፤ እኔም ለካ ትንፋሼን ይዤ ኖሯል።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ታላቋ።

ታዲያ የዘንድሮው አራት ቀን ለማን ነው? ይህን ስጠይቅ ነው ወሬው ወደ ልጅነታቸው የሄደው። መቀስን ስፌት ያስተማረቻት አክስታቸው ነች። አክስቲቱ ጨርቁን ለሁለት ታጥፋለች፣ ግማሽ ቅድ ታስቀምጥበታለች፣ ትቆርጣለች፣ ስትዘረጋው ሙሉ ሰው ይሆናል። ሰው ሁለት ግማሽ ነው፤ አንዱን ከለካሽ ሌላው በነፃ ይመጣል፤ ትላት ነበር። ለሁሉም ሠራ። ለእህቷ ብቻ እምቢ አለ።

ታላቅ እህቷ ከመኪናዋ ኋላ ተነስታ ቆመች፣ ራሷ ታሳየኝ ዘንድ። ጀርባዋ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ወደ ጎን ተቀልብሷል፤ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው አራት ጣት ከፍ ይላል።

«ይኼኛው» አለች ቀኙን መታ መታ እያደረገች፣ «ወሬ ለመስማት ወደ ጆሮዬ የወጣ ነው። ያኛው ጭምት ነው።»

«በአሥራ አራት ዓመቴ የመጀመሪያ ቀሚሴን ለእሷ ሰፋሁ» አለች መቀስ። «ከአንድ ቀለበት ላይ እንደወለቀ መጋረጃ ሆነ። አንገቱ ወደ አንድ ጎን፣ ጫፉ ወደ ሌላ ጎን። ቀኑን ሙሉ ለብሳው ዋለች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር።»

«ምን ልበል? አልቅሰሽ ልትሞቺ ነበር እኮ።»

«ከዚያ ወዲያ በዝቅተኛው ትከሻ በኩል ጥጥ መሙላት ጀመርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ጥጥ ሞላሁ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ትራስ ተሸክሜ ዞርኩ» አለች ታላቋና ቁጭ አለች። ስቃ ነው ያለችው፤ ሳቋ ግን ከሌላው ጊዜ ቶሎ አለቀ።

ፕሮግራሙን ያመጣላት አንድ የሒሳብ አስተማሪ ደንበኛዋ ነው። አሮጌ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ሄደ። በሳምንቱ አንድ ስህተት አገኘች፤ ኮሌታው አንድ ጣት ያጥራል። ተቆጥታ ጻፈችላቸው። አንዱ በሰዓቱ መለሰላት፦ እውነትሽን ነው፣ ነይና አስተካክዪው፣ እናሳይሻለን። «ሰድበውኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ደንበኛ ቁልፉ ወልቋል ሲል መርፌ አቀብሎ 'ራስህ ትከለው' ማለት አይደል? እልህ ይዞኝ ነው የተማርኩት። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት በየማለዳው አንድ አንድ ሰዓት፣ ሦስት ዓመት። ኮሌታውን አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲያ የትም አልሄድኩም።»

ፕሮግራሙ ግን እንደ አክስታቸው ነው የሚያስበው። ግማሽ ሰው ይለካል፣ ሌላውን ገልብጦ ይሠራል። ዘንድሮ ይህን ልታስተካክል ተነሳች፦ ቀኙም ግራውም ለየብቻው ይለካ። ሰባት ወር ፈጀባት። ወሬው ሲሰማ ከአንድ የአጥንት ሆስፒታል ስፌት ክፍል አንዲት ሴት ጻፈችላት። ለጀርባ ድጋፍ የሚታሰርላቸውን ሕመምተኞች የምታለብሰው እሷ ናት፤ ሃያ ሰባት ሰዎች ዝርዝሯ ላይ አሉ፣ ለአንዳቸውም በልኩ የሚሆን ልብስ አልሰፋችም። በሆስፒታሉ ደግሞ ፕሮግራም የሚታደሰው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። አዲሱ እትም ይህን ሳይዝ ከወጣ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

«ታዲያ ለምን አልደረሰም?» አልኩ። አሥራ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል፤ አሁን እኔም መቁጠር ጀምሬያለሁ።

መቀስ መርፌዋን ኮቱ ላይ ሰካችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታላቋ መናገሩን ለራሷ ወሰደችው።

«ከሦስት ቀን በፊት በአዲሱ ቅድ ሸሚዝ ሰፋችልኝ። ያለ ጥጥ! ለበስኩት። ከጀርባ ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዞርኩላት። ከፊት ያለው ሁሉ ተገላብጧል፤ ለከፍተኛው ትከሻ የተሰፋው ዝቅተኛው ላይ ተቀምጧል። 'አንቺ' አልኳት፣ 'ኋላው የኔ ነው፣ ፊቱ ግን መስታወት ውስጥ ላለችው ሴትዮ ነው።'»

«ምን ሆኖ ነው?»

መቀስ ተነስታ ሜትሩን አነሳች፤ እኔንም አስነሳችኝ። ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ለካች። «ትከሻ ሲለካ ከጀርባ ይቆማሉ። የእርስዎ ቀኝ የኔም ቀኝ ነው።» ዞራ ፊቴ ቆመች፣ ሜትሩን ደረቴ ላይ ወጠረችው። «ደረት ሲለካ ከፊት ይቆማሉ። አሁን የእርስዎ ቀኝ የኔ ግራ ነው። ሰውን በሙሉ ግማሽ እያደረግን ስንለካ ይኼ ምን ለውጥ አለው? እጄ ሃያ ዓመት ሲዞር ኖሮ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ኮዱን ስጽፍ ግማሹን ከጀርባ ቆሜ ጻፍኩት፣ ግማሹን ከፊት ቆሜ። ኮምፒውተር የተማረ ሰው ይቺን አይሳሳትም፣ ጋሼ። የሚሳሳታት ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።»

አርባ አንድ ዓይነት ልክ አለ። እያንዳንዱ እንደገና ተፈትሾ ከለባሹ ጎን መጻፍ አለበት፤ ልብስ ሰፊው የት ቆሞ እንደሚለካ የሚያሳዩት ሥዕሎችም እንደገና መሣል አለባቸው። አራት ቀን። መዝጊያው ግን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«እንዳለ አስገቢውና ኋላ ስህተቱን አርሚው አልኳት» አለች ታላቋ። «ስህተት መልቀም ይፈቀዳል አላልሽም? ሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«ሌላ ሰው እንደዚያ ቢያደርግ እኔ ከደጃፍ እመልሰው ነበር።»

የቀን ማራዘሚያ ደንብ አለ፤ ተጠቅሞበት የሚያውቅ የለም እንጂ። ከመዝጊያው ሃያ አራት ሰዓት በፊት አንድ ሰው በአደባባይ፣ በውይይቱ ገጽ ላይ ይጠይቃል። ከአምስቱ በር ጠባቂዎች አንዱ እንኳ 'አልስማማም' ካለና መዝጊያው ሳይደርስ ቃሉን ካላነሳ ጥያቄው ወደቀ። ሃያ አራት ሰዓት ማንም ካልተቃወመ ያልፋል። በር ጠባቂ ግን ለገዛ ሥራው ቀን አይጠይቅም፤ ቢጠየቅለትም ድምፅ የለውም። ስለዚህ መቀስ አፏን ዘግታ፣ ሥራዋን ለከርሞ አስቀምጣ፣ ለሆስፒታሏ ሴት ብቻ 'ይቅርታ፣ አራት ቀን አጥሮኛል' ብላ ጻፈች። ያቺ ደንብ ምን እንደሆነ የማታውቅ ሴት ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ገጹ ላይ ብቅ አለች። አራት ቀን ጨምሩልን፤ ሃያ ሰባት ሰው እየጠበቀ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። ይህን ብቻ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ከስሩ ጻፍኩበት። የዘገየው ሥራ የኔ ነው፣ እኔ ድምፅ የለኝም፣ በሌላ ሰው ላይ እንደምትፈርዱት ፍረዱ አልኳቸው።»

«እንዲህ ብሎ መጻፍ ምን ያስፈልግ ነበር?» አለች ታላቋ ወደ እኔ ዞራ። «ሦስቱ ዝም ብለዋል፤ ደጎች ናቸው። አራተኛውን ግን እርስዎ አያውቁትም።»

«አራተኛው ማነው?»

ሁለቱ እኩል መለሱ፦ «ጃርት።»

ጃርት የት አገር እንዳለ አያውቁም። ሽንሽን ቀሚስ የሚያወጣውን ክፍል የሠራው እሱ ነው። አምና ሥራው ሁለት ቀን ጎደለውና መቀስን በግል ለመናት። ሁለት ቃል መለሰችለት፦ በሩ ተዘግቷል። ጃርት ሁለት ገጽ ሙሉ እሾህ ወረወረባት። ዘንድሮ እሱም በር ጠባቂ ሆኗል፤ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥያቄውን አንብቦታል፣ ገጹ ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም።

«ስምንት ደቂቃ» አልኩ እኔ። አሁን ቆጣሪው እኔ ሆኛለሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ሰው ፊት ቆሜ የምናገረውን ነገር ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

መቀስ ኮቴን ይዛ እንደ እብድ ትሰፋለች። መርፌዋ እንደዚያ ሲሮጥ ሌላ ቀን ቢሆን እደነቅ ነበር። ሰባት ደቂቃ። ታላቋ የቁልፍ ቀዳዳዋን ትታ ወንበሯን ወደ ስልኩ ጎትታ መጣች። እኔም የኔን ጎተትኩ። ሦስታችን በአንዲት ስልክ ዙሪያ፣ እሳት እንደሚሞቅ ሰው ተኮለኮልን።

ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ከገጹ ግርጌ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለች፦ ጃርት እየጻፈ ነው።

«መጣ!» አለች ታላቋ።

ጽሑፏ ጠፋች። ተመልሳ መጣች። ጠፋች።

«እሾሁን እየመረጠ ነው» አለች ታላቋ።

«እትዬ፣ እባክሽ ዝም በይ።»

«እኔ ዝም ብል እሱ መጻፉን ይተዋል?»

አምስት ደቂቃ ሲቀረው መልእክቱ ገባ። አንዲት ቃል ናት። አልስማማም።

መቀስ ወደ ኮቱ አጎነበሰች። መርፌዋን ጎትታ ክሩን ጠበቅ አደረገችና በጥርሷ በጠሰችው። ታላቋ እጇን ወደ ዝቅተኛው ትከሻዋ ወሰደች፤ ጥጡን መዳሰሷ መሰለኝ። እኔ የማላውቀውን ሰውዬ በሆዴ ስሳደብ፣ ያቺ ጽሑፍ እንደገና ብቅ አለች። እየጻፈ ነው። ቀጥሎም ሁለተኛው መልእክት ዱብ አለ፤ ታላቋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«'አራት ቀን አይበቃም። ሥዕሎቹ ብቻ ሁለት ቀን ይበላሉ፣ አንቺ ደግሞ መሣል አትችዪም። ሰባት ይሁን።'»

«ሰባት!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ሰባት ሰጠሽ እኮ!»

ታላቋ እጄን ይዛ ወዘወዘችኝ። ሁለታችን ስንዘል መቀስ ስልኩን አንስታ መጻፍ ጀምራለች። ከትከሻዋ በላይ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ 'ደንቡን ታውቃለህ። አልስማማም እስካልክ ጥያቄው ወድቋል። ሰባት ቀን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ሃያ አራት ሰዓት ይፈልጋል። እሱ ደግሞ የለንም።'

«ምን እየጻፍሽ ነው?» ብላ ታላቋ ጮኸች። «ሰውየው ሊረዳሽ ነው እኮ የመጣው!»

«ደንቡ ነው፣ እትዬ።»

«ደንቡን ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«እኮ!»

«አምና ለእሱ ያላጠፍኩትን ዘንድሮ ለራሴ ላጥፈው? ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ?»

«ፊቱን አይተሽው ታውቂያለሽ እንዴ?»

ታላቋ ስልኩን ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች፤ መቀስ ወደ ላይ አነሳችው፤ በዚህ መሀል መልእክቱ ሄዷል። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ሦስታችንም ስልኩን እንደ አምፖል ሽቅብ እያየን ቆመናል።

እየጻፈ ነው።

ታላቋ በእግሯ ጣቶች ቆማ አነበበች፦ «'አንቺ ሴትዮ፣ መቀሱን ራስሽም ላይ ታዞሪዋለሽ እንዴ?'»

እየጻፈ ነው። ሁለት ደቂቃ። ጠፋ። መጣ። ከውጭ የቁልፍ ቀራጩ ማሽን ሲያፏጭ ታላቋ በሩን ከፍታ «አንድ ጊዜ ዝም በል!» አለችው፤ ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ማሽኑን አጠፋ። አንድ ደቂቃ።

መልእክቱ ገባ። ይህን መቀስ ራሷ አነበበችው።

«'አልስማማም ያልኩትን አንስቻለሁ። አራት ቀን እስማማለሁ። ሥዕሎቹን ለእኔ ተዪልኝ፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ቀኑንም እኔው እቀይረዋለሁ፤ አንቺ እንዳትነኪው።'»

ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ላይ ቁጥሩ ሲለወጥ ሦስታችንም አየን። ቀጥሎ ከገጹ አናት ላይ ሁልጊዜ ሳይነካ የሚኖረው የመዝጊያው ቀን፣ ብልጭ ብሎ በአራት ቀን ወደፊት ተራመደ። ከስሩ ጃርት አንዲት መስመር ጨመረ፦ 'የአምናው ሽንሽን ግን አሁንም ያበሽቀኛል።'

ታላቋ እልልታዋን አቀለጠችው። በዝቅተኛው ትከሻዋ በኩል ከሸሚዟ ውስጥ እጇን ሰደደች፣ ጥጡን መዥርጣ አወጣችና ወደ ጣሪያው ወረወረችው። ጣሪያውን መትቶ እኔ ጭን ላይ አረፈ። ቁልፍ ቀራጩ ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ ገባ፤ ምን እንደሆነ ሲነገረው ምንም ሳይገባው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ወጣ። መቀስ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፍታ ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች፤ ለመለየት አልቻልኩም። ከዚያ ቀና ብላ ለሆስፒታሏ ሴት ጻፈች። ሦስት ቃል ብቻ፦ በሩ ክፍት ነው። ለማንም ጽፋው የማታውቀው ቃል ስለሆነ፣ አለችኝ፣ ፊደሎቹን እየፈለገች ነው የጻፈችው።

የዐሥር ሰዓቱ ጉዳይ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ኮቴን ተቀብዬ ለበስኩ። ቀዳዳው የነበረበት አይታወቅም፣ እንዲያ ያማረ ስፌት አይቼ አላውቅም። መነጽሬን ልክተት ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። እጄ አልገባም። እንደገና ሞከርኩ። ኪሱ የለም።

ታላቋ ቀድማ አየችው። «ኪሱን ሰፋሽው!» አለች ሆዷን ይዛ። «የሰውየውን ኪስ አፉን ድርግም አድርገሽ ዘጋሽው! የራሷን በር ስታስከፍት የሰው ኪስ ዘጋች!»

መቀስ እየሳቀች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ኮቱን አስወልቃኝ ተቀመጠች። በትንሽ ምላጭ ክሩን አንድ በአንድ በጠሰችው። ምላጩ አንዲት ክር እንኳ አልሳተም። ሲያልቅ አስነስታኝ፣ ኮቱን ራሷ አለበሰችኝና ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን በሁለት እጇ ዳሰሰች። ከዚያ ዞራ ከፊቴ ቆመች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ቀኝና ግራዬን ለራሷ እየነገረች ነበር።

«በግራዎ በኩል አንድ ጣት ዝቅ ይላሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ዕድሜ ልክዎን ቦርሳ የያዙት በዚያ ነው መሰለኝ።»

«አስተማሪ ነበርኩ። የደብተር ክምር ነው» አልኳት። «ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

«ማንም ሁለቱንም ለክቶልዎት አያውቅም።»

በሩን ከፈትኩ። አውቶቡሱ ከማዶ ቆሟል። አመስግኛት ልወጣ ስል ከመኪናዋ ኋላ ተጣራች፤ ላፕቶፑን ከፍታ፣ ጨርቁን ከላዩ ላይ እየገፋች ነው።

«ከአራት ቀን በኋላ ይምጡ፣ በትከሻዎ ልክ አዲስ እሰፋልዎታለሁ» አለችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ግን። አንድ ደቂቃ ቢያልፍ አልከፍትልዎትም።»